ኮቱ ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል ተብሎ ነበር

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! እንኳን ለ2018 አደረሳችሁ።

ደሴ ነኝ። የጦሳ ተራራ ዛሬ ጠዋት ጉሙን ገለጥ አድርጎ አየንና መልሶ ተከናነበ። ሰፈሩ ሁሉ የዶሮ ወጥ ይሸታል። ገና በጠዋቱ ሦስት ሴት ልጆች በራችን ላይ አበባየሆሽ ጀመሩ። ሃያ ብር ብሰጣቸው መሪያቸው ብሯን አገላብጣ አየቻትና "ይሄ እኮ ለሦስት አይካፈልም" አለችኝ። እውነቷን ነው። አስር ጨመርኩ። ልጅቷ ከእኔ የተሻለ በጀት ይዛ ነው ዓመቱን የጀመረችው።

እኔ ዘንድሮ ምንም አልያዝኩም። የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ እንቁጣጣሽ ሲመጣ አዲስ አጀንዳ እገዛለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ "የዓመቱ ዕቅድ" ብዬ ሁለት ጊዜ አሰምርበታለሁ። ከዚያ ቁጥር መደርደር ነው። ቁጠባ፣ ስፖርት፣ እንግሊዝኛ ማሻሻል። ስፖርት ከ2009 ጀምሮ ተራ ቁጥር ሁለትን ለቆ አያውቅም። ዘንድሮም አጀንዳውን ገዛሁ፣ አሰመርኩበት። ከስሩ የሚጻፍ ግን ጠፋ። ጳጉሜን አምስቱንም ቀን ማታ ማታ እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ስልኬን ስከፍት ደግሞ አንድ ሰውዬ "ራዕይህን በጽሑፍ አስፍር!" እያለ ይጮህብኛል። ሰውዬው በ2014 ደሴ አልነበረም መሰለኝ።

እኔ ነበርኩ። የዚያ ዓመት ዕቅዴ ከሁሉም ያማረው ነው፣ በሦስት ቀለም ነበር የጻፍኩት። ጥቅምት ሳያልቅ ከተማዋ ተያዘች። አጀንዳው ጠረጴዛ ላይ ቀረ፣ እኛ በእግራችን ወጣን። ኅዳር ማለቂያ ላይ ጦርነቱ ከከተማዋ ሲወጣ ተመልሰን በሩን ስንከፍት፣ የአጀንዳው ሽፋን ብቻ ምድጃው አጠገብ ወድቋል። ቅጠሉን ማን እሳት እንዳያያዘበት እንጃ። ከዚያ ወዲህ "በሚቀጥለው ዓመት" የሚል ቃል ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ብዙዎቻችሁም እንደዚያው እንደሆናችሁ አውቃለሁ።

የዛሬው ወሬዬ ግን ስለ ጋሼ ነው።

ጋሼ ሰኞ ገበያ መውረጃው ላይ፣ አንዲት በረንዳ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ የሰፉ ጎረቤታችን ናቸው። ያኔ ከተማው ሲታመስ የሲንጀራቸውን ራስ ነቅለው እናቴ ጓዳ ማገዶ ስር ደበቁት። ስንመለስ አወጡት፣ ዘይት ቀቡት፣ እዚያችው በረንዳ ላይ ተከሉት። ግራና ቀኙ ሱቅ ባዶውን ነው። "ከእንግዲህ ምን አሰቡ ጋሼ?" አልኳቸው። መርፌው ላይ ክር እያስገቡ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ "ሱሪ ማሳጠር" አሉኝ።

ባለፈው የካቲት፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው አረፉ። ማታ ሱቃቸውን ዘግተው ገብተው፣ ለሱብሂ ሶላት አልተነሱም። እናቴ ሦስቱንም ቀን ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ቡና ስታፈላ ዋለች።

ጥር ላይ የኮት ጨርቅ ሰጥቻቸው ነበር። "ለፋሲካ ይድረስልኝ" ስላቸው፣ "አይ፣ ለእንቁጣጣሽ በል፣ አላህ ካለ" አሉኝ። የልብስ ሰፊ ቀጠሮ መቼም እናንተም ታውቁታላችሁ። ስቄ ሄድኩ።

ሰኔ ላይ ትልቋ ልጃቸው ደወለች። "የአንተ ዕቃ አለ፣ ና ውሰድ።" ኮቱ አንድ እጅጌ የለውም። ገበሩ በነጭ ክር ሰፋ ሰፋ ብሎ ተይዟል። ትከሻው ላይ የሳሙናው ምልክት ገና አልጠፋም። ከኮቱ ጋር የልኬት ደብተራቸውን አሳየችኝ፣ ማዕዘኑ የተጠቀለለ፣ ጠርዙ በማሽን ዘይት የጠቆረ። ቆሜ ማገላበጥ ጀምሬ ተቀመጥኩ።

"የጤና ጣቢያዋ ልጅ፣ ጋዋን፣ ሰኞ።" "የሙሽራው ወንድም፣ ሱሪ፣ ቅዳሜ ጠዋት።" "ሦስት ጀለቢያ፣ ለመውሊድ።" "የቄሱ ካባ፣ ለግሸን።" ገጹ ሁሉ እንዲህ ነው። ሰው፣ ልብስ፣ ቀን። ከዚያ ቀጥሎ ሒሳብ አለ። ቀሪ ብር ካለ አጠገቡ የመክፈያ ቀን አይጽፉም። "ሲኖረው" ብለው ይጽፋሉ። "ሲኖራት።" አንዳንዱ ሲኖረው የስድስት ዓመት ዕድሜ አለው።

የእኔም አለ። "ኮት፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ቀሪ 800፣ ሲኖረው።"

ትናንት ማታ አጀንዳዬን አውጥቼ "የዓመቱ ዕቅድ" የሚለውን ሰረዝኩት። ከስሩ ሰውና ቀን ጻፍኩ። ቃሉ ወረዳ የሚያርሰው አጎቴ፣ ጥቅምት ላይ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ። አጎቴ በነገራችን ላይ ለዕቅድ የሚሆን ትዕግስት የለውም። ዝናቡ ሚያዝያ ላይ ከመጣ ማሽላ ይዘራል። ከዘገየ ማሽላውን ትቶ ሐምሌ ላይ ያንኑ መሬት ጤፍ ያደርገዋል። ዕቅዴ ከሸፈ ሲል ሰምቼው አላውቅም፣ ሰማዩን ነው የሚሳደበው። ቀጥሎ መስከረም 21፣ እናቴ፣ ግሸን አደርሳታለሁ። ስፖርት የለም። አረፍኩ።

ምስጋናም አለብኝ። ከአዲስ አበባ እሁድ እሁድ ለምትደውልልኝ ጓደኛዬ፣ ዓመቱን ሙሉ "ምን ደረስክ?" ብለህ ጠይቀኸኝ አታውቅም፣ "በላህ ወይ?" ነው ያልከኝ። ተባረክ። የጋሼን በረንዳ ለተረከበው ተለማማጃቸው፣ ሁለተኛውን እጅጌ አንተ ነህ የገጠምከው። ሦስት ጊዜ እንደፈታኸው ነግረውኛል። ለእናቴ፣ ለዚያ ማገዶ።

ዕቅድ ያላችሁ ይሙላላችሁ። የሌላችሁ አብሽሩ፣ ዓመቱ ሳይጠይቃችሁ ገብቷል። በዓሉን በመጠለያ የምትውሉ ወገኖቼ፣ ለእናንተ የምመኘው አንድ ነው፣ የራሳችሁን በር ቁልፍ።

እኔ ኮቱን ለብሼ ነው የምጽፍላችሁ። ነገ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ልጃቸው ቤት እሄዳለሁ። ስምንት መቶ ብሩ የግራ ኪሴ ውስጥ ነው። አልቀበልም እንደምትል አውቃለሁ። ቡናው እስኪፈላ እንጨቃጨቃለን።

መልካም በዓል፣ ከደሴ።