ያጋጠሙ ማነቆዎች

ዛሬ ልጽፍ የተቀመጥኩት ባጃጅ ውስጥ ለምን እንዳለቀስኩ ልነግራችሁ ብዬ ነው። አትደንግጡ፣ ማንም አልሞተም። ከፒያሳ ወደ ሰፈር እየተመለስኩ ነበር። የሰኔ ዝናብ ማካፋት ጀምሯል፣ የባጃጁ ሸራ ይርገበገባል፣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጎመን በፌስታል ታቅፈዋል። ልጁ በመስታወቱ አየኝና «እህቴ፣ ሰላም ነሽ?» አለኝ። ያችን ጥያቄ ነው ያልቻልኩት። ሲጮሁብኝ እችላለሁ። ሲያዝኑልኝ ነው የምፈርሰው።

ለማንኛውም ቤት ገባሁ፣ የራሰ ጫማዬን በር ላይ አወለቅኩ፣ ሰሌኑን ዘረጋሁ።

አዎ፣ አሁንም ዮጋው ላይ ነኝ። «አንድ ሳምንት አትቆይበትም» ያላችሁኝ ሰዎች፣ ይኸው አራተኛ ወር ያዝኩ። በየቀኑ ነው አላልኩም።

የጥር ጥምቀቱን ነገር ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም። ከተማው በሙሉ ነጭ ለብሶ ታቦቱን ተከትሎ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርድ እኔ አልጋዬ ላይ ጨጓራዬን ይዤ ተጠቅልዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ምርመራ የሄድኩት። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ትሁት ነው። ወረቀቱን አገላበጠና «ጨጓራዎ ደህና ነው። ጭንቀት ይቀንሱ» አለኝ። ጨው ይቀንሱ እንደሚባለው። ጨውስ ማንኪያ አለው።

አፌን ከፍቼ ሳየው አዘነልኝ መሰለኝ (ይኸው ደግሞ ማዘን!) ወንበሩን ሳብ አድርጎ አስረዳኝ። ከኩላሊት በላይ ቆብ የመሰሉ ሁለት እጢዎች አሉ። ሰው ሲደነግጥ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይለቃሉ፤ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ምግብ መፍጨቱ ለጊዜው ይቆየን ይባላል። ጅብ ላየ ሰው ግሩም ነገር ነው። ጅቡ ሲሄድ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ችግሩ ጅቡ አልሄድ ያለ እንደሆነ ነው። ወር አልፎ ዓመት ሲተካ እንቅልፍ ይረበሻል፣ ሆድ ያምፃል፣ ግፊት ይጨምራል፣ አንገት እንደ ግንድ ይደርቃል። የእኔን ጅብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ብቻም አይደለም። የቤት ኪራዩ ጅብ አለ። «መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው?» የሚባለው ጅብ አለ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያለ ምክንያት የሚቀሰቅሰኝ ጅብ አለ፤ እሱ እንኳ ቀጠሮ ያከብራል።

ዮጋውን ያመጣችብኝ አብራኝ ቢሮ ትሠራ የነበረችው ጓደኛዬ ናት። ከሄደች ወዲህ እዚያ ሆና ጤና ጤና ማለት ጀምራለች። ሦስት ቪዲዮ ላከችልኝ፣ ኔትወርኩ ደህና በሆነበት አንድ ሌሊት አውርጄ ስልኬ ላይ አስቀመጥኳቸው። የቪዲዮዋ ሴትዮ ባሕር ዳር ናት። የእኛ ባሕር ዳር አይደለም፣ እውነተኛው ባሕር ዳር። «የማዕበሉን ድምፅ አዳምጡ» ትላለች። እኔ የምሰማው የጎረቤት ጀሪካን ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት ነው። «በጥልቀት ተንፍሱ» ትላለች። ጎንደር እኮ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ያልፋል፤ ከባሕሩ እኩል ለቆመ ሰው መናገር ይቀላል። አንዷ ቪዲዮ ላይ ደግሞ ለሦስት ሳምንት ሥጋና ወተት ተዉ አለችን፣ በጣም ከባድ ነገር እንደምታዝዝ ሁሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ለሐበሻ! የዓመቱን ግማሽ ለምንጾም ሰዎች! የሰኔ ጾም ላይ ሆኜ ነው የሰማኋት፣ ሽሮዬን እየበላሁ ሳቅኩ።

ትንፋሹን ግን እመሰክርለታለሁ። አራት ቆጥሮ ማስገባት፣ ስምንት ቆጥሮ ማስወጣት። ቬገስ የሚባል ነርቭ አለ፣ ከአንጎል ተነስቶ በልብ በኩል አልፎ ሆድ ድረስ ይወርዳል። ትንፋሽ ቀስ ብሎ ሲወጣ ልብ በእሱ በኩል ይረጋጋል። ስሙን ሳላውቀውም ሥራውን አውቀው ኖሯል። እማዬ ከሰሉን አራግባ፣ ጀበናውን ጥዳ፣ ዱካዋ ላይ ስትቀመጥ «እፎይ» ትላለች። እፎይ ምንድን ነው ታዲያ? ስምንት ቆጥሮ ማስወጣት ነው።

የመጨረሻው ሻቫሳና ነው። በጀርባ ተጋድሞ፣ እጅ እግርን ለቆ፣ ምንም አለመሆን። እኔ ግን ምንም አለመሆን ሲያቅተኝ ኮርኒሱን አያለሁ። ካቻምና ክረምት የፈሰሰበት ቦታ ላይ ቡናማ ክብ አለ፣ ፊት ይመስላል። ልጅ ሆኜ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ የተሳሉትን መላእክት፣ ያን ሁሉ ፊትና ክንፍ፣ ቀና ብዬ ስቆጥር አንገቴ ይያዝ ነበር። የትም ብትቆሙ ያዩአችኋል። ምናልባት የአንገቴ ነገር የጀመረው ያኔ ይሆናል፣ ማን ያውቃል፣ ቢሮውን በከንቱ ነው የማማው።

እና እንደዚያ ተዘርግቼ ሳለሁ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ገባች።

«በስመ አብ! አንች ልጅ፣ ምን ሁነሽ ነው?»

«ዮጋ ነው እማዬ። የሬሳ አቀማመጥ ይባላል።» ምን አናገረኝ? ሻቫሳና በሳንስክሪት እንደዚያ ማለት ነው፣ ግን ምን አናገረኝ?

«የጠላትሽ ሬሳ ይቀመጥ!» ብላ ነጠላዋን ወረወረችብኝ።

በሌላ ቀን ደግሞ ለፀሐይ ሰላምታ የሚሉትን አየች። ትቆማለህ፣ ታጎነብሳለህ፣ እጅህን መሬት ታስነካለህ፣ ትደፋለህ፣ ትነሳለህ። በሩ ላይ ቆማ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። «ይኸማ ስግደት ነው» አለች። «እኔ ስሰግድ ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ባሕር ዳር ያለች ሴትዮ አላስፈለገችኝም።» ከዚያ ዝም ብላ ቆየችና «ለማን ነው የምትሰግጅው?» አለችኝ።

«ለአንገቴ» አልኳት።

አልሳቀችም።

ደግሞ ልክ ናት፣ ተራ ጥያቄ አይደለም። የነገሩ ሥር ከሕንድ ሃይማኖት ጋር የተሳሰረ መሆኑን እኔም አላጣሁትም። እኔ የምሠራው መንጠራራቱንና መተንፈሱን ብቻ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር፣ እማዬን ለማሳመን ግን ማስረጃ ያስፈልጋል ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። (ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ያለ ደረሰኝ አላወራም።) እ.ኤ.አ. በ2014 የተባበሩት መንግሥታት በሕንድ ሐሳብ አቅራቢነት ጁን 21ን የዓለም የዮጋ ቀን ብሎ አጽድቆታል። በእኛ ሰኔ 14 መሆኑ ነው፣ ከሰኔ ሚካኤል በሁለተኛው ቀን። ይህን በኩራት ስነግራት «ሚካኤል ይቅደም» አለች። ቀድሟል እማዬ፣ በሁለት ቀን ቀድሟል።

ያነበብኩት ነገር ግን እሷን ሳያሳምን እኔን አበላሸኝ። ዮጋ የሚለው ቃል የመጣው ዩጅ ከሚል የሳንስክሪት ሥር ነው ይላል። መጥመድ ማለት ነው። በሬ እንደሚጠመደው። ፈረንጆቹ ቀንበርን የሚጠሩበት ቃልም የዚሁ ዘመድ ነው። ይኸውላችሁ እንግዲህ! ቀንበር ልጥል ብዬ ሄጄ፣ አራት ወር ሙሉ ሰሌን ላይ እየተንጋለልኩ ስጠመድ ኖሬያለሁ።

ሰኔ መሆኑን አትርሱ። ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል። ሰው ሁሉ በዚህ ወር ያብዳል፣ እኔ ላይ ደግሞ የሁለት ሰው ሥራ ነው ያለው። ቢሮ ሪፖርት ላይ ነኝ። ርእሶቹን እንደ ዳዊት በቃሌ ነው የምወጣቸው፤ መግቢያ፣ የተከናወኑ ተግባራት፣ ያጋጠሙ ማነቆዎች፣ የተወሰዱ መፍትሔዎች። ዛሬ ጠዋት «ያጋጠሙ ማነቆዎች» ብዬ ጻፍኩና እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ።

ማነቆ።

ማነቆ እኮ ዕቃ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ በየሩብ ዓመቱ ስጽፈው የበጀት እጥረት፣ የትራንስፖርት ችግር፣ የመብራት መቆራረጥ እየመሰለኝ ኖርኩ እንጂ ማነቆ እንጨት ነው፤ ነክቼዋለሁ፣ እጄ ያውቀዋል። ለከተማ ልጆች ልንገራችሁ። ቀንበሩ በሁለቱ በሬዎች ጫንቃ ላይ ይጋደማል። በየአንገታቸው ግራና ቀኝ ቁልቁል የሚወርዱት እንጨቶች ማነቆ ይባላሉ፣ በሬው ራሱን ሾልኮ እንዳያወጣ ነው፣ ከሥር በጠፍር ይታሰራሉ። ለስላሳ ሆነው ያረጃሉ። የአንገት ላብና ቅባት ሲጠጡ ኖረው መልካቸው እንደ ድሮ መቁጠሪያ ይሆናል።

ደምቢያ፣ አጎቴ ጋ፣ ትምህርት ሲዘጋ ይልኩን ነበር። አያ ነው የምንለው። ቡሬና ዳልቻ የሚባሉ በሬዎች ነበሩት። መረሬውን ሲያርሱ ውለው ጥማዱ ሲፈታ ማነቆውን የመያዝ ሥራ የእኔ ነበር። አንድ ነገር አይረሳኝም። በሬ ቀንበሩ ሲነሳለት ወዲያው አይሄድም። ይቆማል። ገና እንዳልተፈታ ሁሉ፣ ከጓደኛው ጎን፣ እኩል። ጫንቃው ላይ ፀጉሩ ተገጥቦ ላቡ አጥቁሮታል፣ ዝንብ ይሰፍርበታል። ከዚያ በአፍንጫው ፍፍፍ ብሎ ይተነፍሳል፣ ረጅም፣ ቆጥሬው አላውቅም እንጂ ስምንት ሳይሞላ አይቀርም። ቆዳውን ከትከሻው እስከ ጭራው ያርገፈግፋል። አንገቱን ይዘረጋል። ከዚያ ነው ወደ ሣሩ የሚሄደው።

አንድ ዓመት ዳልቻ ሞተ። አያ መቀናጆ ገባ። አንድ በሬ ብቻ የቀረው ሰው ከሌላ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር አጣምሮ በተራ ሲያርስ መቀናጆ ይባላል። የጎረቤቱ በሬ ግን ከቡሬ ረዘም ይል ነበር። ቀንበሩ አዘነበለ። ክረምቱ ሳያልቅ የቡሬ ጫንቃ ቆሰለ። አያ አመድና ቅቤ ይቀባው ነበር፣ እኔ ደግሞ ዝንቡን በቅጠል እከለክልለታለሁ፣ እሱ አይኑን ጨፍኖ ይቆምልኛል። ስለ እሱ አልቅሼ አላውቅም ነበር። ልጅ ነበርኩ፣ ዝንብ ማባረር ብቻ መስሎኝ።

ይህን የምጽፈው አንገቴን በግራ እጄ እያሸሁ ነው። የሚያመኝ ሁሌም በአንድ ወገን ነው። ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ ስለምጣመም ነው ብሎኛል፣ ሊሆንም ይችላል።

ቢሮ ውስጥ እኔንና ቪዲዮዎቹን የላከችልኝን ጓደኛዬን ጥማዶቹ ይሉን ነበር። ከሄደች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። ሥራዋን ደርበው ለእኔ ሰጡኝ፣ ወንበሯ ላይ ፋይል ተከመረ። ቪዲዮዎቹን ስትልክልኝ ሥሩ ላይ «ራስሽን ጠብቂ እሺ፣ የኔ ዓለም» ብላ ጽፋልኝ ነበር። ያኔ ተናደድኩ። ሁለት ቀን መልስ አልሰጠኋትም። ምን በደለችኝ? ምንም። ቪዲዮ ላከችልኝ። ሳር ላይ ያለ በሬ ቀንበር ስር ላለው «አንገትህን ዘርጋ» ሲለው ነው የሚመስለው አልል፣ እሷም እዚያ ሌላ ቀንበር ተሸክማ ይሆናል፣ ሌሊት ሌሊት ነው የምትሠራው፤ ነገረችኝ እኮ፣ እኔ ነኝ ያልሰማኋት።

መጻሕፍቱ ዮጋ አካልን ከትንፋሽ፣ ትንፋሽን ከልቦና ጋር ማጣመር ነው ይላሉ። ይሁን። ቀንበር ለአንድ በሬ አይሆንምና መጣመሩ አይከፋም። ግን የእኔ አካልና የእኔ ልቦና ቁመታቸው እኩል ነው ወይ? አንደኛው ረዝሞ ሌላኛው ላይ ቢያዘነብልስ? ይህን ጥያቄ ለባሕር ዳሯ ሴትዮ ብጽፍላት ምን ትለኝ ይሆን። እስካሁን መቀናጆ የገባሁት ከእሷ ጋር ነው፣ እሷም 12 ደቂቃ አርሳ ትቆማለች፣ ባትሪ ካለቀ ደግሞ በሦስተኛውም ትቆማለች።

በቪዲዮው መጨረሻ «ቀናችሁን ጻፉ፣ ይቀልላችኋል» ትላለች። ይኸው ጻፍኩ። ቀለለኝ? ያ የሪፖርቱ ክፍል እንደሆነ አሁንም ባዶ ነው፣ ርእሱ ብቻ ነው ያለው። ነገ የበጀት እጥረት ብዬ እሞላዋለሁ፣ እንደ አምናው።

ኧረ ባጃጁ! ስለ ባጃጁ አልነበር እንዴ ልነግራችሁ የተነሳሁት። ልጁ እንደዚያ ሲለኝ ለምን እንደሆነ፣ ማለቴ ከዚያ በፊት ቢሮ ውስጥ የሆነውን

ቆዩማ። ቧንቧው አሳለ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጠፍቶ ነው፣ መጀመሪያ ሁሌም እንደዚህ አየር ያስወጣል፣ ከዚያ ነው ውኃው። እማዬ ከጓዳ «አንች ልጅ፣ ጀሪካኑን!» እያለች ነው። መጣሁ።