መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ስብሰባ ውስጥ እንዴት ገባሁ
ለብቻዬ መጠጥ ማቆም ደህና አድርጌ እችልበታለሁ። ያቃተኝ እንደገና ሳልጀምር መቆየት ነው። ሰኞ የማልኩትን ዓርብ ማታ አፈርሳለሁ። በመጨረሻ ያልሞከርኩት አንድ ነገር ቀረ፤ እንደኔው ጠጥተው፣ እንደኔው ተቸግረው፣ አሁን ካቆሙ ሰዎች ጋር ቁጭ ማለት።

ስብሰባ ማግኘቱ አልከበደኝም። በስፋት የሚታወቀው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ነው፤ ሰው በአጭሩ ኤኤ ይለዋል። ስብሰባዎቹ በየቀኑና በየሰዓቱ ኢንተርኔት ላይ ተዘርዝረዋል። በአካል መሄድ ለማይችል ወይም ለሚያፍር በዙምና በስልክ የሚካሄዱም አሉ። ዝርዝሩ ላይ ክፍትና ዝግ የሚል ታያላችሁ። ክፍቱ ላይ ቤተሰብም ጓደኛም ገብቶ ማዳመጥ ይችላል። ዝጉ መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። ለሴቶች ብቻ የተዘጋጁም አሉ። እኔ በክፍቱ ጀመርኩ። ካልተመቸኝ «እንዲሁ ለማየት ነው የመጣሁት» ብዬ ሹልክ ለማለት እንዲያመቸኝ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሐኪም። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ነገሩ በላብና በእጅ መንቀጥቀጥ ብቻ ላያበቃ ይችላል። የሚጥል በሽታ የመሰለ መንዘፍዘፍ፣ የሌለ ነገር ማየትና መስማት ሊመጣ ይችላል፤ ሰው ይሞትበታል። ስብሰባው ላይ መድኃኒት የሚያዝ የለም። ስለዚህ እኔም ሐኪም አማክሬ ነው የሄድኩት።

በሩ ላይ ስም የሚመዘግብ ሰው ጠብቄ ነበር። የለም። ፎርም የለም፣ የመግቢያ ክፍያ የለም። የሚፈለገው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። የአባት ስም የሚጠይቅ የለም። መሃል ላይ ለወጪ የሚሆን መዋጮ ይሰበሰባል። እኔ ጋ ሲደርስ አጠገቤ የተቀመጡት ትልቅ ሴት «አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ተይው» ብለው አሳለፉት።

ለመናገር ተራዬ ሲደርስ «ዛሬ ላዳምጥ» አልኩ። ማንም አልተጫነኝም። እዚያ ቤት ሰው ሲናገር አቋርጦ መምከር የለም፤ ብዙ ቡድኖች እንደዚያ ናቸው። መጀመሪያ ደረቅ መሰለኝ። ትንሽ ስቆይ ግን ደስ አለኝ፤ ምክርማ ቤትም ጠግቤያለሁ። አንዱ ሰውዬ የጣሳ ቢራ ሲከፍት ድምፁ እንዳይሰማ የሻወሩን ውሃ ይለቅ እንደነበር ተናገረ። ክው አልኩ። ይህን የማደርገው እኔ ብቻ ነበር የሚመስለኝ።

እውነት ለመናገር፣ እኔን የያዘኝ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ብዙ እንግዳ ሲጨረስ ብድግ ብሎ ይወጣል። አትውጡ። ወንበር ስታነሡ፣ ስትደረድሩ ሰው ያናግራችኋል። እኚያ ሴትዮ ስልክ ቁጥሮች የተጻፉበት ወረቀት ሰጡኝና «ከጠጣሽ በኋላ ሳይሆን ልትጠጪ ስትይ ደውዪ» አሉኝ። መደወል ግን ሞት ነው። ምን ይባላል? እሳቸው መላ ነበራቸው። ደህና በሆንሽ ቀን ለሰላምታ ደውዪ፣ የጨነቀሽ ቀን እጅሽ አይከብድም አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ኤኤ ራሱ የተጀመረው በስልክ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1935 ቢል ዊልሰን የሚባል፣ መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት የሆነው ሰው ለሥራ ወደ አክሮን ኦሃዮ፣ አሜሪካ ሄደ። ሥራው ከሸፈበት፣ ሆቴሉ ውስጥ ደግሞ መጠጥ ቤት አለ። ስልክ አነሣና የሚያናግረው ሌላ ጠጪ ማፈላለግ ያዘ። እንዲህ ነው እሱም ጠጪ ከነበረው ሐኪም ከቦብ ስሚዝ ጋር የተገናኙት፤ ኤኤን የመሠረቱት ሁለቱ ናቸው። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ቢል የደወለው ቦብን ለማዳን ብሎ አለመሆኑን ስለማስብ ነው። የራሱ ጉሮሮ ነበር ያስፈራው።

አንድ ስብሰባ ካልጣማችሁ ሌላ ሞክሩ፤ ቡድን ከቡድን ይለያል። አንዱ ጸሎት ይበዛዋል፣ ሌላው ቀልድ። አሥራ ሁለቱ እርምጃዎች በሚባሉት የኤኤ መመሪያዎች ውስጥ ፈጣሪ ይነሣል፤ ግን እያንዳንዱ እንደሚረዳው ነው የሚሉት። ይህ የማይሆነው ሰው ስማርት ሪከቨሪ የሚባለውን ሌላ የመደጋገፊያ ስብሰባ ማየት ይችላል፤ እሱ በሥነ ልቦና ዘዴ ላይ የቆመ ነው። «ወሬ ብቻ ምን ያደርጋል?» ለሚሉ ደግሞ፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ግምገማ 27 ጥናቶችን አይቶ ነበር። ኤኤና ሰውን ወደ ኤኤ የሚመሩ ሕክምናዎች ከመጠጥ ጨርሶ በመራቅ በኩል ከሌሎች ሕክምናዎች እንደማያንሱ፣ ብዙ ጊዜም እንደሚሻሉ ጽፏል።

እኚያ ሴትዮ ኋላ ስፖንሰሬ ሆኑ፤ ማለትም ቀድመው ያቆሙና እርምጃዎቹን አብረውኝ የሚሄዱ ሰው። ስፖንሰር የሚመድብላችሁ የለም፣ ራሳችሁ ናችሁ የምትጠይቁት። እኔ ስጠይቃቸው «ምነው ዘገየሽ?» ነው ያሉኝ።

ለቤተሰብ ደግሞ አል-አኖን የሚባል ለብቻው አለ። ባለቤቴ ስነግረው «የምትጠጪው አንቺ፣ የምሰበሰበው እኔ?» ብሎ ተቆጣ። አሁን በየሳምንቱ ይሄዳል። እዚያ ስለኔ ምን እንደሚያወራ ግን አይነግረኝም። እዚያ የተባለው እዚያው ይቀራል፤ ደንቡ ነው፣ ምን ይደረግ።