የፒካፔ የፊት እግር ሲንቀጠቀጥ፦ የአራት ወር ፍለጋ

በ2015 ዓ.ም. በኅዳር ወር አንድ ማለዳ፣ ከጫንጮ አካባቢ ገበሬዎች የሰበሰብኩትን ወተት ጭኜ ወደ ሱሉልታ ስመለስ፣ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነዳሁ ሳለ የግራው የፊት ጎማ አስፋልቱ ላይ ካለች አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ገባ። ጉድጓዷን በየቀኑ ስለማልፍባት በደንብ አውቃታለሁ፤ እስከዚያን ዕለት ድረስ «ጓ» ከምትል ድምፅ በቀር ያደረሰችብኝ ነገር አልነበረም። ያን ጠዋት ግን መሪው ከእጄ ሊያመልጥ እስኪደርስ ድረስ ግራና ቀኝ ይመታ ጀመር፤ ኮፈኑም፣ ዳሽቦርዱም፣ መስተዋቱም አብረው ይርገፈገፉ ነበር። በድንጋጤ ፍሬኑን አጥብቄ ስረግጥ መንቀጥቀጡ ባሰ እንጂ አልቀነሰም። እግሬን ከነዳጁም ከፍሬኑም አንስቼ፣ መሪውን ሳልታገለው ቀጥ አድርጌ ይዤ ፍጥነቱ ወደ 30 ሲወርድ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ጸጥ አለ። ከጎኔ የተቀመጠው ረዳቴ ፊቱ ዐመድ መስሎ «ጋሼ፣ ይኼ ወተት እኮ ሳንደርስ ቅቤ ሆኗል» አለኝ። ሁለታችንም አልሳቅንም።

መኪናው 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ያለው፣ ባለ አንድ ጋቢና ላንድክሩዘር 79 ፒካፕ ነው። ስገዛው አገልግሎ ነበር፤ የቀድሞው ባለቤትም ለገጠር መንገድ ከፍ እንዲልለት ብሎ የፊቱን ሱስታ (ጥቅልሉን የብረት ሞላ) ከፋብሪካው በረዘመ ለውጦታል። ይህን በወቅቱ እንደ ምርቃት ቆጥሬው ነበር። ይህ ሞዴል ከፈረንጆቹ 1999 ጀምሮ ከፊት በባሌስትራ (በተደራረበ ዝርግ ብረት) ፋንታ ሱስታ ቢገጠምለትም፣ የፊት አክስሉ ግን ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ የሚደርስ አንድ ወጥ ብረት እንደሆነ ቀርቷል። ወጥ አክስል ጭነትንና ክፉ መንገድን የሚችል ጠንካራ ነገር ነው፤ ሆኖም አንዱ ጎማ የተቀበለውን ምት ለሌላው ሳይሸራርፍ ያቀብላል። በአሜሪካም ፎርድ ኤፍ 250ን እና ራም 2500ን በመሳሰሉ ወጥ የፊት አክስል ባላቸው ከባድ ፒካፖች ላይ ይኸው ጠባይ ስለሚታይ «የሞት መንቀጥቀጥ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ፋብሪካ ጉድለት ሳይሆን፣ የዚህ ዓይነቱ እግር ሲያረጅና ሲላላ የሚያመጣው መዘዝ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ሁለት የተለያዩ መንቀጥቀጦችን እንደ አንድ መቁጠሬ ነበር። ጎማ ወይም ቸርኬ ሚዛኑን ሲስት የሚመጣው መንቀጥቀጥ ጉድጓድ አይጠብቅም፤ ለጥ ባለ አስፋልት ላይም ቢሆን አንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ ሲደረስ ቀስ ብሎ ይጀምርና ፍጥነቱ ሲያልፍ ይቀንሳል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ 7.50 በ16 የሆነው የእኔ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ 2 ሜትር ተኩል ስለሚጓዝ፣ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በየሰከንዱ 8 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ አንዱ ጎኑ ከብዶ ከሆነ በየሰከንዱ 8 ጊዜ የፊቱን እግር ይመታል ማለት ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱን ከዲስኩ መፈለግ ይገባል። የእኔው በምት የሚነሣና አንዴ ከተነሣ በኋላ ፍጥነት እስኪቀንስ ድረስ ራሱን በራሱ የሚቀጥል ነበር። ይህን ልዩነት አስቀድሜ ለይቼ ብናገር ኖሮ ጎሚስታው ዘንድ ሁለት ቀን አላጠፋም ነበር። የፊት ጎማዎቹን ከኋላዎቹ ጋር አለዋውጦ መሞከር ብቻ ነገሩ ከጎማ መሆን አለመሆኑን ያለ ወጪ ያሳየኝ ነበር። እግረ መንገዴን ርካሽ ቸርኬ አገኘሁ ብዬ ልገዛ ስል ባለ 6 ቡሎን ሆኖ መገኘቱንም አስታውሳለሁ፤ ከ1999ኙ ለውጥ ወዲህ የተሠሩት ግን ባለ 5 ቡሎን ናቸው።

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው ይልቅ ውድም አደገኛም ነበር። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ጋራዥ መኪናውን ከፍ እንኳ ሳያደርግ «የመሪው ሾክ ሞቷል» ብሎ አዲስ ገጠመልኝ፤ ዋጋውም የሦስት ሳምንት የወተት ትርፌን ወሰደ። መንቀጥቀጡ በእርግጥ ጠፋ። ያቺን ጉድጓድ ሆን ብዬ ብመታትም መሪው ጥቂት ተወዛውዞ ይረጋ ስለነበር ጋራዡን ለሰው ሁሉ እስከመምከር ደረስኩ። የመሪ ሾክ ሥራ ከመንገድ የሚመጣ ድንገተኛ ምት መሪው ላይ እንዳይደርስ ማለዘብ ነው፤ የላላ ነገር ሲኖር ደግሞ ልቅነቱን አፍኖ ይይዘዋል እንጂ አያጠብቀውም። በዚህ መሐል የላላው ክፍል እየተበላ ይሄዳል፤ ሾኩም ከዐቅሙ በላይ ስለሚሠራ ቶሎ ይደክማል። በጥር መጨረሻ፣ ሙሉ ጭነት ይዤ ወደ አዲሱ ገበያ በሚያወርደው ቁልቁለት አናት ላይ መንቀጥቀጡ ተመልሶ መጣ፤ ያን ጊዜ ከኋላዬ አውቶቡስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው የመንደራችን ሰው ሁሉ ጋሽ እያለ ወደሚጠራቸው፣ ሱሉልታ ውስጥ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ የሄድኩት። የሆነውን ሁሉ ከነገርኳቸው በኋላ «አንተ ምን ለወጥክ?» ብለው ጠየቁኝና ዝርዝሩን ስነግራቸው «እስካሁን የለወጥከው ያልታመመውን ነው፤ ምንም ሳትገዛ ነገ ጠዋት ረዳትህን ይዘህልኝ ና» አሉኝ።

በማግስቱ ያደረጉት ፍተሻ ማንም ሰው ከአንድ ረዳት ጋር በግቢው ሊያደርገው የሚችል ነው። መኪናው በክሪክ አልተነሣም፤ ክብደቱ በጎማዎቹ ላይ እንዳለ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ረዳቴ መሪውን ከመሐል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ያለማቋረጥ ይመላልሰው ነበር። እሳቸው ደግሞ ከሥር ገብተው ከመሪ ሳጥኑ ጀምሮ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በዓይናቸው ብቻ ሳይሆን መዳፋቸውን ጭነው ይፈትሹ ነበር። ጤነኛ መጋጠሚያ ላይ ሁለቱ ብረቶች እኩል ይንቀሳቀሳሉ፤ የላላው ላይ ግን አንዱ ቀድሞ ሄዶ ሌላው ሲከተለው መዳፍ ላይ ይሰማል። መኪናው በክሪክ ቢነሣ ክብደት ስለሌለ ይህ ልቅነት አብዛኛውን ጊዜ ይደበቃል። በዚህ መንገድ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሁለት ነገር ተገኘ፤ አንደኛው የቲራንቴው፣ ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኘው የመሪ ዘንግ ማለት ነው፣ የቀኝ ቴስቲና (የጫፉ መጋጠሚያ) ነበር፤ ሁለተኛውን እኔ ራሴ ገብቼ እንዳየው አደረጉኝ።

እሱም አክስሉን ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚያያይዘው፣ ፓናርድ የሚባለው ዘንግ ነው። የሱስታ እግር አክስሉን ወደ ላይና ወደ ታች ቢሸከመውም ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው ይህ ዘንግ ነው። በሻንሲው በኩል ያለው ጎሚኒ (የመጋጠሚያው ላስቲክ) ተበልቶ፣ ረዳቴ መሪውን ባዞረ ቁጥር የዘንጉ ጫፍ ወደ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄድና ይመለስ ነበር። የነገሩ ምሥጢር የገባኝ እዚያ ተኝቼ ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ አክስሉ ወደ ጎን ይገፋል፤ ከመሪ ሳጥኑ የሚመጣው ዘንግ ግን ባለበት ስለሚቆይ፣ የአክስሉ ወደ ጎን መሄድ ብቻውን ጎማዎቹን ያጣምማቸዋል። የተጣመሙት ጎማዎች አክስሉን ወደ ሌላኛው ጎን ይጎትቱታል፤ እዚያም ያው ልቅነት ስለሚጠብቀው ተመልሶ ይጣመማል። መኪናው እኔ ሳላዝዘው መሪውን በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ እያዞረው ነበር ማለት ነው፤ በጉልበት ብይዘው ያልቆመልኝም ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ መኪናው በክሪክ ተነሣ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ሲያወዛውዙት የግራው ተጫወተ፤ ይህ ጎማው የሚታሰርበት የሞዞው ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል፣ ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበት የኪንግፒን ኩሽኔታም ሊሆን ይችላል። ለመለየት ረዳቴ ፍሬን እንዲረግጥ ተደረገ። ፍሬን ተይዞ ልቅነቱ ቢጠፋ ኖሮ ጥፋቱ የሞዞው ይሆን ነበር፤ የእኛው ግን አልጠፋም። ሲፈታም ውስጡ የነበረው ግሪስ እንደ ሽሮ ቀጥኖ ተገኘ፤ የአክስሉ የውስጥ ዘይት መያዣ ጎማ አርጅቶ የዲፈረንሻሉ ዘይት ገብቶበት ኖሯል። የኩሽኔታው ቀለበት ላይ መስመር መስመር የሠራ ጠባሳ ነበር። ይህ ኩሽኔታ እንደ ሞዞው ኩሽኔታ ሙሉ ዙር ስለማይዞር፣ አብዛኛውን ዕድሜውን መሪው ቀጥ ባለበት አንድ ቦታ ላይ እየተመታ ነው የሚያሳልፈው፤ ስለዚህ ጠባሳው ልክ ያቺው ቦታ ላይ ይወጣል።

ኩሽኔታዎቹን ሶማሌ ተራ ሄጄ ገዛሁ፤ ሳጥኑን ሳይሆን ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር ከአሮጌው ጋር እንዳመሳክር ጋሽ አጥብቀው አዝዘውኝ ነበር፤ አንዱ ሻጭ ሳጥኑን ብቻ ሊያሳየኝ ሲሞክር የትእዛዙ ምክንያት ገባኝ። ሲገጠሙም ጥብቀታቸው የሚስተካከለው ሽም በሚባሉ ስስ ብረቶች ነው፤ ሽሙ ከበዛ ጎማው ይላላል፣ ካነሰ መሪው ይከብዳል። ጋሽ ለዚህ የተጠቀሙት በርበሬና ቡና የሚመዘንበትን ባለ መንጠቆ የሞላ ሚዛን ነበር፤ ቲራንቴው ከመታሰሩ በፊት ሚዛኑን ጎማውን የሚያዞረው ክንድ ጫፍ ላይ ሰክተው እየጎተቱ፣ መዞር የሚጀምርበትን ኪሎ ከሞዴሉ የጥገና መጽሐፍ ጋር አስተያዩት። ሦስት ጊዜ ፈትተው ገጠሙት። ሌላ ጋራዥ ይህን በእጅ ግምት ሲያልፈው ስላየሁ፣ ለሦስተኛው ፍቺ የጠየቁኝን ተጨማሪ ገንዘብ ሳልከራከር ከፈልኩ።

የፓናርዱ ጎሚኒ ቀላል ሥራ ቢሆንም አንድ ያልጠበቅሁት ጥንቃቄ አለው። ቡሎኑ የመጨረሻ ጥብቀቱን የሚያገኘው መኪናው ወርዶ ክብደቱ ጎማዎቹ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ተንጠልጥሎ ሳለ ከተጠበቀ፣ ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ዕድሜውንም ተጠምዝዞ እየኖረ ቶሎ ይቀደዳል። የቡሎኑ ቀዳዳ ተበልቶ ሞላላ እንዳልሆነም መታየት አለበት፤ የእኔው ለጥቂት ተርፏል።

ቴስቲናው ከተለወጠ በኋላ የጎማዎቹን አቅጣጫ ለማስለካት ከተማ ወርጄ በዘመናዊ መሣሪያ አሳየሁት፤ ያ ምርቃት ያልኩት ረጅም ሱስታም እዚያ ተጋለጠ። ካስተር የሚባለው፣ ጎማው የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ ያለው ዘመም ማለት፣ ከአንድ ዲግሪ በታች ወርዶ ነበር። የብስክሌት የፊት ሹካ ወደ ኋላ ዘመም ማለቱ እጅን ለቅቆ ለመንዳት ይረዳል፤ የመኪናም መሪ በራሱ ወደ መሐል እንዲመለስ የሚረዳው ይኸው ዘመም ነው። አክስሉን የሚይዙት ሁለቱ ረጃጅም ክንዶች ከበስተኋላቸው ሻንሲው ላይ የታሰሩ ስለሆኑ፣ ሱስታው ሲረዝም ሻንሲው ከአክስሉ ይርቃል፣ አክስሉም ወደ ፊት ይጠመዘዛል፣ ያ ዘመም ይጠፋል። ካስተሩ በቂ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ልቅነት ለተወሰነ ጊዜ ይቋቋመው እንደነበር አምናለሁ። ቀዳዳው ከመሐል ፈቀቅ ያለ ማስተካከያ ቦኮላ (የክንዶቹ መጋጠሚያ ቀለበት) አስገብቶ ረጅሙን ሱስታ መያዝ ይቻል ነበር፤ እኔ ግን የማጓጉዘው ወተት እንጂ ድንጋይ ስላልሆነ ወደ ፋብሪካው ልክ መለስኩት። በዚያ ምክንያት አንድ ሁለት የገጠር መንገድ ላይ ሥሩ ይነካብኛል።

መጋቢት ላይ ሥራው ሲያልቅ ጋሽ መኪናውን ከማስረከባቸው በፊት አዲሱን የመሪ ሾክ ፈትተው ካሶኒው ላይ ጣሉት። «አሁን ያለ እሱ ይሂድ፤ ከተንቀጠቀጠ ሥራዬ አላለቀም» አሉኝ። እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው ከ40 ጀምረን በየዙሩ 10 ኪሎ ሜትር እየጨመርን ያቺን ጉድጓድ አራት ጊዜ መታናት። በ70ው ዙር መሪው አንዴ ወደ ግራ ነቅነቅ ብሎ በራሱ ወደ መሐል ተመለሰ፤ እሳቸውም መሬት ላይ የወደቀውን የፀሐይ መነጽራቸውን አንሥተው «በል አዙር» አሉ። ሾኩን የመለስነው ግቢ ከደረስን በኋላ ነው። በ85 ላይ አሁንም ስስ ንዝረት አለው፤ የቀኙ ቸርኬ ጠርዝ ጥቂት ስለተጣመመ መሆኑን አውቃለሁ፤ ወተት ጭኜ በዚያ ፍጥነት ስለማልነዳ እስካሁን አልነካሁትም።