ጥለቱ ላይ ቁም፦ የሸማ ጌም እንዴት እንደሠራሁ

ከጨርቅ የተሠራ የሚመስል የኮምፒውተር ጨዋታ መሥራት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው ነገር አለ፤ ጨርቁ የጨዋታው ልብስ ነው ወይስ ሥጋው? ልብስ ብቻ ከሆነ ሥራው ብዙ አያደክምም፤ ማንኛውም የዝላይ ጨዋታ ላይ የጨርቅ ምስል ይለጠፍና ያልቃል። ሥጋው ከሆነ ግን ጀግናው የሚዘልበት፣ የሚንጠለጠልበትና የሚወድቅበት ሕግ ሁሉ ከክርና ከሽመና መውጣት አለበት። እኔ ሁለተኛውን መረጥሁ። የሠራሁት ትንሽ የዝላይ ጨዋታ ነው፤ ጀግናው የተጠቀለለ የጥጥ ፈትል ነው፤ የሚሮጥባቸው ሜዳዎች፣ ገደሎችና ድልድዮች በሙሉ በእጅ ከተሸመነ ሸማ የተገኙ ናቸው። መሥሪያዬ ጎዶት የተባለው ነጻ የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው።

በዚህ መንገድ ከእኔ በፊት የሄዱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኒንቴንዶ ዊ ለተባለው የጨዋታ መሣሪያ የወጣው ከርቢስ ኤፒክ ያርን ጀግናውን ባዶ የክር መስመር አድርጎ ሣለው። በ2015 ዮሺስ ዉሊ ወርልድ መጣ፤ እሱ የሹራብ ዓለም ነው። በ2016 ደግሞ ኮልድውድ የተባለው የስዊድን ጨዋታ ሠሪ ድርጅት አንራቭልን አወጣ፤ ያርኒ የተባለው ቀይ የክር ፍጡር በሄደ ቁጥር ሰውነቱ እየተተረተረ ይመነምናል። ከሦስቱ አብልጬ ያጠናሁት ይህን የመጨረሻውን ነው፤ እዚያ ክሩ ጌጥ አይደለም፣ የጨዋታው ችግርም መፍትሔም እሱ ራሱ ነው። ሦስቱም ግን ከሹራብ ክር ወገን ናቸው። ሹራብ ቀለበት በቀለበት ስለሚያያዝ ይለጠጣል፣ ይነፋል፣ ክብ ነገር ይወድዳል። የእኛ ሸማ ጠባዩ ሌላ ነው። ድሩ በቁመት ይወጠራል፣ ማጉ በአግድም ይገባል፤ ጨርቁ ገና ሲወለድ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ነው። የዝላይ ጨዋታ ሜዳም የሚገነባው ከትንንሽ አራት ማዕዘን ምስሎች ነው። ይህን ሳስተውል ሥራው ግማሽ መንገድ የሄደ ያህል ተሰማኝ፤ ሸማ ለዚህ ዓይነት ጨዋታ የተመቸ ጨርቅ ነው።

ትልቁን ውሳኔ ያገኘሁት ግን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ አይደለም። ሽሮ ሜዳ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ሸማኔ ዘንድ እየሄድሁ የሽመና ጉድጓዳቸው ዳር እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን፣ «አባባ፣ የነጠላውን ጥለት መሀል ላይ ብናመጣውስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መወርወሪያቸውን ሳያቆሙ፣ «ልጄ፣ ቀሚስ ላይ ጥበብ መሀልም ይወርዳል። የነጠላ ጥለት ግን ቦታው ዳር ነው። ዓይን የሚያርፈው እዚያ ነው» አሉኝ። በዝላይ ጨዋታ ውስጥ የተጫዋቹ ዓይን የሚፈልገው ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ የት ልቁም? ስለዚህ ጥለት በጨዋታው ውስጥ አንድ ትርጉም ብቻ እንዲኖረው አደረግሁ። ጥለት ያለበት ዳር ላይ ይቆማል፤ ጥለት የሌለበት ነጭ ጨርቅ ሁሉ ከኋላ ያለ ነው፣ አይረገጥም። አንድም የጽሑፍ ማብራሪያ አላስፈለገም። ነጭ በነጭ ላይ የሆነው የሸማ ዓለም እንዳይደባለቅ የፈራሁትም ችግር በዚሁ ተፈታ።

ከዚህ ሕግ ደግሞ የጨዋታው አሳዛኝ ክፍል ተወለደ። ሐዘን የደረሰባት ሴት ነጠላዋን ዘቅዝቃ እንደምትለብስ ማንም ያውቃል። በዚያ ክፍል ውስጥ ሜዳዎቹ ሁሉ ተዘቅዝቀዋል፤ ጥለቱ ከታች በኩል ነው። ጀግናው ከላይ መቆም አይችልም፤ ክሩን ወደ ላይ ወርውሮ ከጥለቱ ሥር እየተንጠለጠለ መሄድ አለበት። በሙከራው ጊዜ አንዲት እናት የልጃቸውን ጨዋታ ከጎን ሆነው ሲመለከቱ፣ ይህ ክፍል እንደ ጀመረ፣ «ማን ሞተ?» አሉ። እኔ የፈለግሁት ይኸው ነበር።

አሁን ወደ እጅ ሥራው ልምጣ። ጨርቁን በተራ ስካነር በ600 ዲፒአይ፣ ማለት በአንድ ኢንች 600 ነጥብ፣ ቀዳሁት። ስካነር ቀለሙን በደንብ ይይዛል፤ የፈትሉን ወጣ ገባነት ግን ይገድላል፣ ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚመታ። ስለዚህ ያንኑ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ወጥሬ፣ ካሜራውን ከላይ አስሬ፣ አንዲት መብራት ዝቅ አድርጌ በአራቱም አቅጣጫ እያዞርሁ አራት ፎቶ አነሣሁ። ከአራቱ ፎቶዎች የጥላ ልዩነት እያንዳንዱ ነጥብ ወዴት እንደሚያጋድል ማስላት ይቻላል። ውጤቱ ለጎዶት ሲሰጥ በጨዋታው ውስጥ ብርሃን በተንቀሳቀሰ ቁጥር የፈትሎቹ ጥላ አብሮ ይዞራል። ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን የሚካሄደው ክፍል ውበቱን ያገኘው ከዚህ ነው።

ስለ መጠን አንድ ጥብቅ ሕግ ያዝሁ፤ አንድ ፈትል በመላው ጨዋታ ውስጥ እኩል ውፍረት ይኑረው፣ በስክሪኑም ላይ ከአራት ፒክስል (ስክሪኑ ከተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) አይነስ። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለ። ፈትል ከፒክስል ከቀጠነ ካሜራው ሲንቀሳቀስ ጨርቁ ይንቀጠቀጣል፣ የሌለ የሞገድ መስመር ያወጣል፣ ዓይን ያደክማል። ሁለተኛው ይበልጣል። ትልቅ ገደል ለመሥራት አንዱን ምስል ብትለጥጠው ፈትሉ እንደ ገመድ ይወፍርና ተመልካቹ ወዲያውኑ ስሜቱ ይበላሻል፤ ምን እንደ ሆነ ባይነግርህም ጨርቅ መሆኑን ማመን ያቆማል። ስለዚህ ትልቅ ነገር ያስፈለገኝ እንደ ሆነ ትልቅ ጨርቅ ቀዳሁ።

ሌላው ኮምፒውተር የሚያመጣው ጠላት መደጋገም ነው። በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ አንዱ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላው ይቀጥናል፤ የእጅ ሥራ መሆኑን የሚመሰክረው ያ ነው። አንድ ቁራጭ ምስል ደጋግመህ ስትደረድር ግን ያቺው አንዲት ወፍራም ቦታ በየስንዝሩ ብቅ ትላለች፤ የእጅ ሥራው የፋብሪካ ሆኖ ያርፋል። ለእያንዳንዱ ቁራጭ ከተለያየ የጨርቁ ቦታ የተቆረጡ አራት አማራጮች አዘጋጅቼ ሶፍትዌሩ በዘፈቀደ እንዲመርጥ አደረግሁ። ቆረጣውን ሁልጊዜ በድርና በማግ መካከል ባለው ቀዳዳ ነው የማካሂደው፤ ፈትል መሀል ለመሀል ከተቆረጠ መጋጠሚያው ይታያል።

የጨርቁ ዳር ላይ ያሉት ጸጉሮች ብዙ ሥራ ይጠይቃሉ። ከጨርቁ ውጭ ግልጽ ሆነው፣ ማለት ኋላቸውን እያሳዩ እነሱ ሳይታዩ፣ የተቀመጡት ፒክስሎች ውስጣቸው ብዙውን ጊዜ ጥቁር ነው፤ ምስሉ ሲለሰልስ ያ ጥቁር ይወጣና ነጩን ጸጉር ጥላሸት የነካው ያስመስለዋል። መፍትሔው የጨርቁን ቀለም ከዳሩ አሳልፎ ግልጹ ክፍል ውስጥም እንዲፈስ ማድረግ ነው፤ ጎዶት ምስል ሲያስገባ ይህን የሚያደርግ ምርጫ አለው። ጸጉሩ በጨዋታው ሕግ ውስጥም ይገባል። ተጫዋቹ ጸጉሩንም እንደ መሬት ስለሚቆጥረው የሜዳው ጠንካራ ክፍል እስከ ጸጉሩ ጫፍ እንዲደርስ አደረግሁ። ከዚያም ላይ ጀግናው ከዳሩ ካለፈ በኋላ ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ መዝለል ይፈቀድለታል። ይህ የቆየ የዝላይ ጨዋታ ዘዴ ነው፤ ለስላሳ ዳር ላለው ዓለም ግን ግዴታ ይመስለኛል።

እንቅስቃሴውን በሁለት ፍጥነት ከፈልሁት። ጀግናው የሚገኝበት ቦታ በሰከንድ 60 ጊዜ ይሰላል፤ የሰውነቱ ቅርጽ ግን የሚለወጠው በሰከንድ 12 ጊዜ ብቻ ነው። ጀግናው ለተጫዋቹ ጣት ወዲያው ይታዘዛል፣ ዓይን ግን በእጅ እየተንቀሳቀሰ ፎቶ የተነሣ አሻንጉሊት ያያል። ሁለቱንም 60 ሳደርጋቸው ጥጡ ላስቲክ ይመስል ነበር።

ክሩ ራሱ የነጥቦች ሰንሰለት ነው። እያንዳንዱ ነጥብ አሁን ያለበትንና ቀድሞ የነበረበትን ቦታ ያስታውሳል፤ ከሁለቱ ልዩነት ፍጥነቱ ይገኛል። ከዚያ በጎረቤት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት እንዳይለወጥ ማስተካከያው ይደጋገማል። ድግግሞሹ ጥቂት ከሆነ ክሩ ይለጠጣል፣ ሲበዛ ይጠነክራል። ጥጥ ብዙ ስለማይለጠጥ ድግግሞሹን ከፍ አደረግሁና በምትኩ የነጥቦቹን ቁጥር ቀነስሁ፤ አለዚያ ርካሽ ስልክ ላይ ጨዋታው ይጎተታል። ስለ ስልክ ካነሣሁ፣ 2048 በ2048 ፒክስል የሆነ አንድ ምስል ሳይታመቅ 16 ሜጋባይት ማህደረ ትውስታ ይይዛል። የቀዳሁትን ሁሉ ማስገባት ስለማይቻል ለእያንዳንዱ ክፍል አራት ትልልቅ ምስሎች ብቻ ፈቀድሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ይህን ስሌት ሥራው ሳይጀመር በወረቀት ላይ መጨረስ ያዋጣል።

ድምፁን ከዚያው ከሸማኔው ቤት ቀዳሁ፤ መወርወሪያው ሲያልፍ የሚያሰማው ሽውታ የጀግናው ዝላይ ሆነ።

ጥለቶቹን ከመቅዳቴ በፊት ለሸማኔው ምን ልሠራበት እንደ ፈለግሁ በስልኬ አሳይቻቸው ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ከጨርቁ ዋጋ ሌላ ለንድፉም ለብቻው ከፈልሁ። ማንም ሰው ነጠላ ገዝቶ ስካነር ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ የትኛው ቀለም ከየትኛው አጠገብ እንደሚውል የወሰኑት ግን እሳቸው ናቸው። ስማቸው በጨዋታው መጨረሻ «ጥለት» በሚል ርእስ ሥር፣ ከሥዕልና ከፕሮግራም ሥራው እኩል ተጽፏል።

አሁን የምሠራው በጋቢ ውስጥ የሚካሄደውን ክፍል ነው። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ጀግናው ከአንዱ ንጣፍ ወደ ሌላው በቀዳዳ እያለፈ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የፊተኛው ንጣፍ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከኋላው ያለው በደብዛዛው ይታያል። አራቱም እኩል ሲያሳልፉ ስክሪኑ ጭጋግ ይሆናል። ለጊዜው ጀግናው ካለበት ንጣፍ ፊት ያለውን ብቻ አሳልፎ እንዲያሳይ፣ የቀሩት እንዲጨልሙ አድርጌዋለሁ፤ ለሙከራ የሰጠኋቸው ልጆችም መንገዱን ሳይጠይቁ አግኝተውታል።