ከግንባር የመጣ ደብዳቤ ቤታችሁ ካለ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ይህን የምጽፈው ጾሙ ተፈቶ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ እንድታነቡት ነው። ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ። መጨረሻው ላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ።

የፈረንጆቹ ገና በመጣ ቁጥር ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞረውን ታሪክ ሳታውቁት አትቀሩም። በ1914 እ.ኤ.አ.፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት በተጀመረ በአምስተኛው ወር፣ ቤልጂግና ሰሜን ፈረንሳይ ላይ ምሽግ ለምሽግ የተፋጠጡ የእንግሊዝና የጀርመን ወታደሮች በገና ዋዜማ መዝሙር ተቀባበሉ። በማግሥቱ ከየጉድጓዳቸው ወጥተው ተጨባበጡ፤ ሲጋራና የደንብ ልብስ ቁልፍ ተለዋወጡ። ኳስ ተጫወቱ የሚባለው ላይ ሰው ትንሽ ያጋንናል። አዎ፣ የተራገጠ ኳስ ነበር። ዋናው ሥራ ግን በሁለቱ ምሽግ መካከል ወድቀው የቀሩትን አስከሬኖች መቅበር ነበር። በሌላው የግንባሩ ክፍል ደግሞ በዚያው ዕለት ተኩሱ አልቆመም፤ ሰው ሞቷል። ለፖስት የሚመቸው ኳሱ ስለሆነ ኳሱ ገነነ፣ ቀብሩ ተረሳ።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ወሬው እንዴት እኛ ጋ ደረሰ የሚለው ነው። አዛዦቹ ነገሩን አልወደዱትም፤ ዳግመኛ እንዳይሞከር ትእዛዝ አስተላልፈዋል። ወሬውን ያወጣው ተራው ወታደር ነው። ለእናቱ፣ ለሚስቱ፣ ለእህቱ ጻፈ። የደረሳቸው ቤተሰቦች ደግሞ ደብዳቤውን ለከተማቸው ጋዜጣ ሰጡ። የእንግሊዙ ዴይሊ ሚረር የሁለቱ ወገን ወታደሮች ተደባልቀው የቆሙበትን ፎቶ ያወጣው በጃንዋሪ 8 ቀን 1915 ነው። በእኛ ቆጠራ ታኅሣሥ 30 ቀን 1907 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የገናችን ማግሥት።

የደብዳቤው ብዛት ለማመን ይቸግራል። ለንደን ሪጀንትስ ፓርክ ውስጥ በእንጨት የተሠራ ግዙፍ የፖስታ መለያ አዳራሽ ተቋቁሞ፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ሠራተኞች በሥራው ጫፍ ላይ በሳምንት 12 ሚሊዮን ያህል ደብዳቤ ይለዩ ነበር። ከዚያ በባቡርና በመርከብ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ማታ ማታ ከስንቁ ጋር ወደ ምሽግ ይገባል። ያን ሁሉ ጥይትና ዱቄት ማጓጓዝ ያለበት ሠራዊት ለእህት ሹራብና ለእናት ኬክ ቦታ የሚሰጠው ደግነት በዝቶበት እንዳይመስላችሁ። ከቤቱ ወሬ የተቋረጠበት ወታደር ልቡ እንደሚሸሽ አለቆቹ ያውቃሉ።

ደብዳቤው ሲሄድ ግን ይነበባል። የተራውን ወታደር ጽሑፍ የሚያነበው የራሱ መኮንን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ገና ጢሙን በደንብ ያላወጣ ልጅ። ለሚስቱ የጻፈውን የናፍቆት ቃል ነገ ጠዋት ሰልፍ ላይ ዓይን ለዓይን የሚተያየው አለቃው እንደሚያነበው እያወቀ የሚጽፍ ሰው ምን ሊል ይችላል? ጊዜ ላጣው ወይም ቃል ላጠረው ደግሞ የታተመ ካርድ ይታደል ነበር። ካርዱ ላይ ዓረፍተ ነገሮች ተደርድረዋል፦ ደህና ነኝ። ሆስፒታል ገብቻለሁ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በቅርቡ እጽፋለሁ። ካንቺ ወሬ ካገኘሁ ቆየሁ። ወታደሩ የማይመለከተውን ይሰርዛል፣ ቀንና ፊርማውን ያኖራል፣ በቃ። ሌላ ነገር ከጨመረ ካርዱ እንደሚወገድ ከላይ ተጽፎበታል። ለፈራ ሰው የሚሆን መስመር ካርዱ ላይ የለም። ቅማል ለበላው፣ ጓደኛው ትናንት አጠገቡ ለወደቀበትም እንዲሁ። «ደህና ነኝ» የምትለዋ ብቻ ትተርፍና ካርዱ ይሄዳል።

እኛስ ብንሆን? «ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ» የሚለውን ማንም አትሞ አልሰጠንም፤ ግን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርቡን ግን ከእንግሊዞቹ ይልቅ የሕንዶቹ ደብዳቤዎች ናቸው። በ1914 እ.ኤ.አ. መኸር በመርከብ ማርሴይ ወርደው ወደ ፈረንሳይ ምሽጎች ከገቡት የሕንድ ወታደሮች ብዙዎቹ ፊደል አልቆጠሩም። ስለዚህ መጻፍ ለሚችል ጓደኛቸው ይነግሩታል፣ እሱ ይጽፋል። ደብዳቤው ፑንጃብ ሲደርስ ደግሞ ማንበብ የሚችል ሰው ተፈልጎ፣ ቤተሰቡ ዙሪያውን ተቀምጦ፣ ጎረቤቱም ተጨምሮ፣ ጮክ ተብሎ ይነበባል። የምታውቁት ነገር አይደል?

የሠራዊቱ ሳንሱር እነዚህን ደብዳቤዎች እያስተረጎመ ለአለቆቹ ሪፖርት ያወጣ ነበር። ወታደሮቹም ይህን አወቁና ስለ በርበሬ መጻፍ ጀመሩ። አንዱ ጥቁሩ ቁንዶ በርበሬ አልቋል፣ አሁን ቀዩን ነው የሚጠቀሙት፣ የሚያቃጥለው ግን ጥቁሩ ነው ብሎ ለቤቱ ላከ። ስለ ወጥ የሚያወራ ይመስላል። ጥቁሩ ሕንዱ፣ ቀዩ እንግሊዙ ነው፤ እኛ አልቀናል፣ አሁን እነሱ እየገቡ ነው ማለቱ ነው። ሳንሱሩ ሞኝ አልነበረም፣ ገብቶታል። ይልቅ የነገሩ ምጸት፣ ዛሬ እነዚያን ቃላት ማንበብ የምንችለው እሱ ሪፖርቱ ውስጥ ስላስገለበጣቸው ነው። መንደር የደረሱት ወረቀቶች አብዛኞቹ ጠፍተዋል፤ የተረፈው የሰላዩ ግልባጭ ነው።

እንግሊዛዊውን ገጣሚ ዊልፍሬድ ኦወንን ስሙን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ግጥሙን ለጊዜው እንተወው። ይህ ሰው ለእናቱ የጻፋቸው ከ500 በላይ ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ አሉ። እናትና ልጅ በመካከላቸው ምስጢር ነበራቸው፦ ፈረንጆች ለገና ቤታቸው የሚሰቅሉትን «ሚስልቶ» የተባለ ቅጠል ስም ደብዳቤው ውስጥ ካየች፣ ከዚያ በኋላ ካሉት ቃላት ፊደል እየለቀመች ልጇ ያለበትን ቦታ ታገኛለች። መኮንን ስለነበር የሌሎቹን ደብዳቤ ሳንሱር የሚያደርገውም እሱው ነበር፤ በአንድ እጁ እየሰረዘ በሌላው ያሾልካል።

በጃንዋሪ 1917 ከመጀመሪያዎቹ የምሽግ ቀናቱ በኋላ ለእናቱ ምንም አልደበቃትም። ስላለፉት አራት ቀናት እንድዋሽሽ የሚያደርገኝ ምክንያት አላገኘሁም፣ ሲኦል ውስጥ ነበርኩ አላት። ውኃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ሃያ አምስት ሰው ተፋፍጎ ሲደበደብ መዋሉን በዝርዝር ጻፈላት። የመጨረሻው ደብዳቤው ግን ሌላ ነው። ቀኑ ኦክቶበር 31 ቀን 1918 ነው፤ ከአንድ ምድር ቤት ሆኖ ነው የጻፈው። ጭሱ ዓይን አያስገልጥም ይላታል። ምግብ አብሳዩ እንጨት ይፈልጣል፣ አንድ ጢማም አሮጌ ወታደር ድንች እየላጠ ድስቱ ውስጥ ይጥላል። እዚህ አደጋ የለም፣ ቢኖርም ይህ እጅሽ ሳይገባ ያልፋል አላት፤ እንደ እነዚህ ያሉ ጓደኞች አንቺም አታገኚም ብሎ ጨረሰ። ኖቬምበር 4 ቀን ሰሜን ፈረንሳይ ኦርስ መንደር አጠገብ ቦይ ሲሻገሩ ተገደለ። ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር። መርዶው ሽሩስበሪ ከተማ እናቱ ቤት የገባው ኖቬምበር 11 ቀን ነው፤ ጦርነቱ አበቃ ተብሎ ደወል ሲደወል።

ከሁለቱ የቱን ትመርጣለህ ብትሉኝ ድንቹን እመርጣለሁ። የሲኦሉ ደብዳቤ ስለ ጦርነት ይነግረኛል፤ ስለ ጦርነት ደግሞ ብዙ ተጽፏል። ያ ጢማም ሰውዬ ድንች መላጡን ግን ኦወን ባይጽፈው፣ እናቱም ባታስቀምጠው፣ ዓለም ላይ የሚያውቀው አይኖርም ነበር። (ይህቺው እናት፣ ብሞት አቃጥይው ያላትን አንድ ጆንያ ወረቀት ቃሉን አክብራ አቃጥላለች። ደብዳቤዎቹን ግን አልነካቻቸውም።)

በባድመው ጦርነት ጊዜ እኔ ተማሪ ነበርኩ። የጎረቤታችን እማማ ልጅ ግንባር ነበር፤ ደብዳቤውን የማነብላቸው እኔ ነኝ። ሲጠሩኝ ቆሎ በሰሃን ቀድሞ ይቀርባል። ገና «ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ» ስል ዓይናቸው ይሞላል፤ «ደህና ነኝ» ላይ ስደርስ «እስቲ እሷን ድገምልኝ የኔ ልጅ» ይሉኛል። ከዚያ የሰላምታው ዝርዝር ነው፦ ለአጎቱ፣ ለእድሩ ዳኛ፣ ለነፍስ አባቱ፣ ለእነ እንትና ቤት በሙሉ። እኔ ልጅ ነኝና ይሰለቸኛል፣ ስም እዘላለሁ። «እገሌንስ ረሳው?» ይላሉ ወዲያው። ልጃቸው ማንን እንደማይዘል ያውቃሉ። ስለ ጦርነቱ አንድም መስመር የለም። ጣራው ተጠገነ ወይ፣ ታናሿ ክፍሏን አለፈች ወይ፣ ውሻው አለ ወይ፤ ጥያቄው ይኸው ነው።

አንድ ጊዜ ግን ፖስታውን ከፍቼ ወረቀቱን ገና ስዘረጋው «ይሄ የሱ እጅ አይደለም» አሉኝ። ማንበብ የማይችሉ ሴት! እሳቸው የልጃቸውን ጽሕፈት የሚያውቁት እንደ አረማመዱ ነው። እውነትም ሌላ ሰው ነበር የጻፈለት፤ ለምን እንደሆነ ግን ደብዳቤው አይልም። ያን ዕለት «ደህና ነኝ» የሚለውን ድገምልኝ አላሉኝም። ወረቀቱን ተቀብለውኝ ዝም ብለው አዩት።

ልጁ ተመልሶ መጣ፤ ቀኝ እጁ ሁለት ጣት ጎድሎታል። ዛሬ የልጆች አባት ነው። እማማ አርፈዋል። ደብዳቤዎቹ ከክርስትና ካርዱና ከቤት ካርታው ጋር በቆርቆሮ ሳጥን ይቀመጡ ነበር፤ ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ሳጥኑ ተረፈ፣ ካርታውም ተረፈ። ደብዳቤዎቹን ያየ የለም።

በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ከተጓዘው ከቃኘው ሻለቃ ጀምሮ፣ ናቅፋ ፊት ለፊት ዓመታት ተራራ ላይ የከረመው ጦር፣ ከዚያ ባድመና ጾረና፤ ከእነዚህ ሁሉ ምሽጎች ወደ ጎጃም፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ወላይታ፣ ወደ ሐረር ወረቀት ሄዷል። ከመረብ ማዶም ልክ እንደ እኛዋ እማማ ድገምልኝ የምትል እናት ነበረች። የጄኔራሎቹን ማስታወሻ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ እናገኛለን፤ የተራው ወታደር የጻፈው ግን ያለው፣ ካለ፣ የእናንተ ቤት ነው። የቅርቡ ጦርነት ደግሞ ወረቀትም አልተወልን። ስልክ ሲገኝ የተላከ የድምፅ መልእክት ነው፤ ስልኩ ሲሰበር አብሮ ይሄዳል።

ልመናዬ ይኸውና። ዛሬ ቤተሰብ ተሰብስቧል፤ አያትም አክስትም አሉ። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ «ከግንባር የተላከ ደብዳቤ የለንም?» ብላችሁ ጠይቁ። አልጋ ሥር ያለው ሻንጣ ይውጣ፣ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ገጾች መሃል ይታይ፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚቀመጡት። ካገኛችሁ በእጥፋቱ አትጎትቱት፤ ያረጀ ወረቀት የሚቀደደው እጥፋቱ ላይ ነው። መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንሱት። ፖስታውንም እንዳትጥሉ፤ ቀኑና የተላከበት ቦታ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማኅተሙ ላይ ነው። በሰላምታው ዝርዝር ውስጥ ያሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ የሚያውቁት አዛውንቶቹ ናቸውና ስም በስም ጠይቃችሁ ለብቻው ወረቀት ላይ ጻፉት። የድምፅ መልእክት ያላችሁም ከስልኩ ሌላ ቦታ ቅጂ አስቀምጡ። ኢንተርኔት ላይ ለማውጣት አትቸኩሉ፤ የጻፈው ሰው ካለ እሱን፣ ከሌለ ቤተሰቡን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የግል ነገር ይኖርበታል።

እናትና አባት ሳያነቡት የቀረ፣ ያልተከፈተ ፖስታ ያገኘ ቤት ካለ፣ ለመክፈት ብትወስኑም ባትወስኑም፣ ምን እንዳደረጋችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። መልካም የገና በዓል!