ተማሪውን ማን ላከው?

አውሮፓ ሄደው ስለተማሩ ኢትዮጵያውያን ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። እኔ ከአገር ወጥቼ አላውቅም። የምጽፈው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መብራት ባለ ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ "ያላየኸውን አገር እንዴት ትጽፋለህ?" ይለኛል። እኔም ሞስኮን ለሞስኮዎች ትቼ ሰዎቹ ላይ ነው የሠራሁት።

መጀመሪያ ሌሎች አፍሪካውያን ጉዳዩን እንዴት እንደጻፉት አነበብኩ። የሴኔጋላዊው ደራሲ የሼክ ሃሚዱ ካን ገጸ ባሕርይ ሳምባ ዲያሎ አለ (መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. 1961)፣ ፓሪስ ፍልስፍና የሚማረው። የሱዳናዊው የጣይብ ሳሊህ ገጸ ባሕርይ ሙስጠፋ ሰዒድ አለ (1966)፣ ለንደን ላይ የኢኮኖሚክስ ሊቅ የሚሆነው። የጋናዊቷ የአማ አታ አይዱ ገጸ ባሕርይ ሲሲም አለች (1977)፣ በአንድ የወጣቶች ፕሮግራም ጀርመን የምትሄደው። እነዚህን መጻሕፍት ስታነብ ዓይንህ ቶሎ የሚሄደው አውሮፓ ላይ ነው። ብርዱ፣ ነጮቹ ሴቶች፣ ዘረኝነቱ። እኔ ግን ደጋግሜ ሳያቸው የሳበኝ አገር ቤት የቀረው ሰው ነበር። ሳምባ ዲያሎን የላከችው በተዘዋዋሪ የወገኖቹ አለቃ እህት ናት፤ የመሳፍንቱ ልጆች ቀድመው ፈረንሳይ ትምህርት ቤት ይግቡ ብላ ሕዝቡን የሞገተችው እሷ ነች። ሙስጠፋን ደግሞ የሚጠብቀው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከእናቱ ጋር እንኳ የተለያዩት እንደ ባዳ ነው። በኔ ግምት ያን ያህል አደገኛ ያደረገውም ይኸው ነው፤ የሚያፍርበት ሰው የለውም።

ስለዚህ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ። ማንኛውም ገጸ ባሕርይ አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት አንድ ገጽ ይጻፍለታል። ማን ላከው? ለመንገዱ ምን ተሸጠ? ማን ምን ይጠብቃል? ይህ ገጽ መጽሐፉ ውስጥ አይገባም፣ ግን እሱ ሳይጻፍ ልጁ አይሄድም።

ለዚህ ገጽ የሚሆን ነገር ያገኘሁት ከጎረቤቴ ነው። በደርግ ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን የተማሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። "ጋሼ፣ ላይፕሲግ እንዴት ነበር?" ስላቸው "ይበርዳል" ብለው ዝም አሉ። ሄርደር ኢንስቲትዩት ጀርመንኛ መማራቸውን እንኳ በስንት ጉትጎታ ነው የነገሩኝ። ሌላ ቀን "ማን ሸኘዎት?" ብዬ ብጠይቃቸው ከአቦል እስከ በረካ አወሩ። እናታቸው፣ አጎታቸው፣ የሰፈሩ ዕድር ሳይቀር ተነሣ። ከዚያ ጓዳ ገብተው አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ይዘው መጡ። መሐሉ ላይ የታጠፈ ቡናማ ወረቀት አለ፤ በእርሳስ የተሳለ የትንሽ ልጅ እግር። እህታቸው ናት፣ ጫማ እንዲልኩላት እግሯን አስቀምጣ ያሳለችው። ጫማውን ለመግዛት ብር ሲያጠራቅሙ እግሯ አደገ። ላይፕሲግን መቶ ጊዜ ቢገልጹልኝ ይህን አላገኝም ነበር። ስለ አውሮፓ ለማወቅ የምትፈልግ ከሆነ ስለ ሽኝቱ ጠይቅ፤ ሰዉ ራሱ እየነዳ ይወስድሃል።

የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። የሁለቱ ልቦለዶች ተማሪዎች የሚሄዱት ወደ ገዢያቸው አገር ነው። ሴኔጋላዊው ፓሪስ፣ ሱዳናዊው ለንደን። የኛ ሰውስ? "እኛ አልተገዛንም" ብሎ ደረቱን ነፍቶ ይገባል። ይህ ኩራት እውነት ነው፣ ግን ገጸ ባሕርዩን ያደነዝዘዋል፤ ምንም አይነካውማ!

ታደሰ የሚባለውን ልጅ ሞስኮ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1963 ነው፣ እዚያው ያለው የሕዝቦች ወዳጅነት ዩኒቨርሲቲ በኮንጎው መሪ በሉሙምባ ስም ከተጠራ ከሁለት ዓመት በኋላ። የዚያ ዓመት ታኅሣሥ አንድ ጋናዊ ተማሪ ሞቶ ተገኘ፣ አፍሪካውያን ተማሪዎችም ቀይ አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ። ታደሰ ይውጣ ወይስ ዶርሙ ውስጥ ይቀመጥ? ኩራቱ "የነሱ ጉዳይ ነው" ይለዋል። መንገድ ላይ የሚሰድበው ሰው ግን ቅድሚያ "አድዋን ታውቃለህ ወይ?" ብሎ አይጠይቀውም። እዚህ ላይ ያ የተደበቀው ገጽ አዳነኝ። የታደሰን አጎት ፈረንሳይ የተማረ አድርጌው ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች ውጭ ተምረው የመጡ ወጣቶችን እየለቀሙ ሲገድሉ አብሮ የተገደለ ነው። እናትየው ልጇን ለመላክ ያንገራገረችው በዚህ ነው። "የተማረውን ነው የሚፈልጉት" ትላለች። አንዴ ይህ ከተጻፈ ታደሰ ከጋናውያኑ ተማሪዎች ጋር የሚያወራው ነገር አገኘ። አደባባይም ወጣ። እኔ አላወጣሁትም፣ ገጹ ነው ያወጣው።

ስለ መመለስም አስቤበታለሁ። በጣይብ ሳሊህ መጽሐፍ ተራኪው ከእንግሊዝ ሲመለስ መንደርተኛው ከቦ ስለ አውሮፓ ይጠይቀዋል፤ ገበሬ አላቸው ወይ፣ ምን ዓይነት ናቸው። እኛ ሰፈር ጥያቄው ሌላ ነው። ለጀርመን ቪዛ ወረቀት የሚያሯሩጡት ወጣቶች ጋሼን ደረጃው ላይ ሲያገኟቸው "ለምን ተመለሱ?" ነው የሚሏቸው፣ ያውም እያዘኑላቸው። ጋሼ ይስቃሉ። ይህን እንዳለ ወስጄዋለሁ።

በቅርቡ የአስካለን ምዕራፍ አነበብኩላቸው። ላይፕሲግ ያስቀመጥኳት ልጅ ናት፣ ለእናቷ ረጃጅም ደብዳቤ የምትጽፍ፣ ናፍቆቷን ሁሉ የምትዘረግፍ። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝና "ልጅቷ ጥሩ ናት" አሉኝ። "ግን ይህን ሁሉ ማን ይጽፋል? እኛ 'ደህና ነኝ፣ እናንተስ?' ብለን ነበር የምንዘጋው። ማን ከፍቶ እንደሚያነበው በምን ታውቃለህ?"

ደብዳቤዎቹን ከሥር እየቆረጥኩ ነው። አሁን ሦስት ሦስት መስመር ደርሰዋል።