እጥፋቱን ስፈታው

ጌታ ይባረክ ወገኖቼ። ይህን ምስክርነት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ትቼዋለሁ። ዛሬ እንባዬ መጣም አልመጣም ልጨርሰው።

ነገሩ የበግ ልብስ ነው። አዎ፣ የበግ። የልጆች ክፍል ሉቃስ 15 ላይ ያለውን የጠፋችውን በግ ታሪክ በድራማ ሊያሳይ ነበር። የጓደኛዬ ልጅ እረኛ አልሆንም፣ መልአክም አልሆንም አለች። «የጠፋችው እኔ ነኝ» ብላ ድርቅ። እናቷ በሳቅ ፍርስ አለች። ነጭ ጸጉራም ጨርቅ ገዝታ በአንድ ምሽት ቆረጠችው፣ በስፒል ያዝ ያዝ አደረገችው። መስፋት ላይ ወደር የላትም ነበር። ለልጅ ስትሰፋ ደግሞ ብዙ ታጥፋለች። «ያንቺ ቀሚስ እኮ ከጨርቁ እጥፋቱ ይከብዳል» እያልኩ እስቅባት ነበር።

ከዚያ ታመመች። ጾምን፣ ጸለይን። ሞተች።

እውነቱን ልናገር፤ እግዚአብሔርን ተቀየምኩት። ሐዋርያት ሥራ 9 ላይ ዶርቃ የምትባል ልብስ ሰፊ አለች፣ ታውቋታላችሁ። ስትሞት መበለቶቹ የሰፋችላቸውን ቀሚስ ለጴጥሮስ እያሳዩ አለቀሱ። እሱም ተንበርክኮ ጸለየ፣ «ጣቢታ ሆይ፥ ተነሺ» አላት፣ ተነሳች። እኔም ያንን ያልተሰፋ ጨርቅ አልጋዬ ላይ ዘርግቼ «ይኸው፣ እኔም ልብስ ላሳይህ። የኔዋስ?» አልኩት። ዝም አለኝ። እኔም ዘጋሁት። ከሰው ጋር አሜን እላለሁ፣ ቤቴ ስገባ ግን አንዲት ቃል አልተነፍስም። ወራቱ እንዲሁ አለፉ።

ዓመት ዞሮ ድራማው ሲመጣ ልጅቷ «አክስቴ፣ እማዬ የጀመረችውን አንቺ ትጨርሺልኛለሽ?» አለችኝ። እሺ አልኩ። ፌስታሉን መክፈት አቅቶኝ ግን ነገ፣ ነገ ስል ዋዜማው ደረሰ።

ያን ሌሊት አልረሳውም። ባለቤቴ ልጆቹን አስተኝቶ «አይዞሽ» ብሎኝ ገባ። (እግዜር ይስጥልኝ፣ በነጋታው ቁርሱንም አንተ ነህ የሠራኸው።) ፌስታሉን ከፈትኩ። በየቁራጩ ጀርባ በጠመኔ ቀስት አስምራለች፣ ጸጉሩ ወዴት እንደሚተኛ ለማሳየት። ጸጉራም ጨርቅ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ከዞረ ሁለት ዓይነት ነጭ ይመስላል፤ እሷ ናት ያስተማረችኝ። ቀስቷ እንደ እጅ ጽሑፏ ትንሽ ዘመም ይላል። ጣቴን አስኬድኩበትና ወዲያው አነሳሁ፣ እንዳይጠፋብኝ።

በስፌት መኪናዬ መስፋት ስጀምር ክሩ ከታች ተተበተበ። ፈትቼ ጀመርኩ። ተተበተበ። የታችኛውን ክር አውጥቼ እንደገና ጠቀለልኩት፣ ያው ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ አንዲት እህት ጋ ደወልኩ። በእንቅልፍ ድምፅ «ከታች ሲተበተብ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከላይ ነው። ጨርቁን የሚጫነውን እግር አንሺና የላዩን ክር እንደ አዲስ አስገቢው» አለችኝ። ሠራ! እህቴ ሆይ፣ ይህን ካነበብሽ ጌታ ዘመንሽን ይባርከው። ስልኩን ዘግተሽ ብትተኚ ማን ይፈርድብሽ ነበር?

ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየ። ሱሪውን ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት ለካሁት። ቀን ላይ ልጅቷን ለክቼ የጻፍኩትን አየሁ። 4 ሴንቲሜትር ያጥራል። እጅጌውም አጭር ነው። በዚያ ዕድሜ ልጅ በዓመት 6 ሴንቲሜትር ያህል ይረዝማል፤ እኔ ደግሞ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ጊዜ የቆመ መስሎኝ ኖሯል። ትርፍ ጨርቅ የለም። ሱቅ የለም፣ ሌሊት ነው።

መሬት ላይ ተቀመጥኩና ልጆቹ እንዳይነቁ በሹክሹክታ ጮህኩ። እንደዚያ መጮህ እንደሚቻል አላውቅም ነበር። «እሷን አልመለስክልኝም። ቢያንስ ይህችን አንዲት ልብስ አትከልክለኝ!» ከወራት በኋላ የመጀመሪያ ጸሎቴ ይኸው ነው። አያምርም።

ተስፋ ቆርጬ ሱሪውን ወደ ፌስታሉ ልመልስ ሳነሳው ስፒል ጣቴን ወጋኝ። እግሩ ጫፍ ላይ፣ ከውስጥ በኩል። ገለጥኩት። ሁለት ጊዜ ታጥፏል። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቅዬ ዘረጋሁትና ለካሁ። 8 ሴንቲሜትር። ሌላኛውም እግር 8። እጅጌዎቹም ታጥፈዋል።

ትንቢት ነው አልልም። ያኔ ገና ጤነኛ ነበረች፣ እንደ ልማዷ ነው ያጠፈችው። እኔ ነኝ ስስቅበት የኖርኩትን የረሳሁት። ግን ወገኖቼ፣ ያን ሰዓት ቤቱ ውስጥ ብቻዬን አልነበርኩም። «ልቅሶ ማታ ይመጣል፥ ጥዋት ግን ደስታ ይሆናል» የሚለው ቃል ሳልጠራው መጣ። እያለቀስኩ ሳቅኩ። ከዚያ እስኪነጋ ሰፋሁ። እረኛው በትከሻው ስለሚያነሳት የእግሮቹን መገናኛ ሁለት ጊዜ ደረብኩት። እጥፋቱ የነበረበት ቦታ ግን መስመር ቀረበት፤ ጸጉሩ ዓመት ሙሉ ተጨፍልቆ ነበርና። በእንፋሎትና በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ብታገለውም አልጠፋ አለኝ።

ድራማው ላይ እረኛው ልጅ ሊያነሳት ሞክሮ አቃተው። አድጋለቻ! አንድ ሌላ እረኛ መጣና ለሁለት ተሸከሟት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሷም ላይ ሆና ሳቀች። አባቷ ኋላ ወንበር ላይ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ነበር። እኔ የማየው ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያለውን መስመር ነው።

ሲያልቅ እየሮጠች መጣች። ላብ በላብ ሆናለች።

«አክስቴ፣ ለሚመጣው ዓመትም ይሆነኛል?»

ተንበርክኬ የሱሪዋን ጫፍ ገለጥኩና አሳየኋት። የፈታሁት 4ቱን ብቻ ነበር።